ሕመምተኛው ራሱ አስተባባሪ እንዳይሆን፦ ስለ ስኳር ሕመም አገራዊ ስትራቴጂ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ። ሰባት ዓመት ጤና ጣቢያ ውስጥ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በዞን ደረጃ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን አስተባብራለሁ። ስለ ስኳር ሕመም አገራዊ ስትራቴጂ ጠይቁኝ ስላችሁ ይህን ያህል ጥያቄ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የመድኃኒት መጠን ለጠየቃችሁኝ ግን፣ እሱን የሚወስነው የሚከታተላችሁ ባለሙያ ነው፤ ሳላያችሁ አልናገርም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ "ማስተባበር" ሲባል እኔ የሚታየኝ ስብሰባና አበል ነው። በተግባር ምን ማለት ነው?

ንዴትህ ይገባኛል። ፍሬ የሌለው ስብሰባ እኔንም ያመኛል። ማስተባበርን የምለካው እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ በቀጠሮው ቀን ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ኢንሱሊኑ አለ? ሲሪንጁ አለ? የስኳር መለኪያ ማሽኑ ከነስትሪፑ (ደም ከሚነካበት ቀጭን መመርመሪያው) አለ? ካርዱ ይገኛል? የሠለጠነችው ነርስ ሥራ ላይ ናት? አምስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ከተገኙ ተቀናጅተናል ማለት ነው። አንዱ ከጎደለ ሰውየው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

አሁን በብዙ ቦታ እነዚህን የሚያገናኘው ሕመምተኛው ራሱ ነው። እኔ ጋ ይከታተሉ የነበሩ አንዲት እናት ሁልጊዜ ጥቁር ፌስታል ይዘው ይመጡ ነበር። ውስጡ የሆስፒታል ሪፈር ወረቀት፣ ከግል ላብራቶሪ የወጣ ውጤት፣ ለናሙና ያስቀመጡት ባዶ የኢንሱሊን ብልቃጥ፣ ፋርማሲው "የለም" ብሎ የመለሰው ማዘዣ። ማንበብ አይችሉም። የትኛው ወረቀት የትኛው እንደሆነ ግን በአስተጣጠፉ ይለዩታል። ሆስፒታሉ ከእኛ፣ እኛ ከፋርማሲው የምንነጋገረው በእሳቸው ፌስታል በኩል ነበር። ለእኔ የአገራዊ ስትራቴጂ ሥራ ያንን ፌስታል ከእጃቸው መቀበል ነው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ስትራቴጂ አለን? ወይስ ሁሌም ከዜሮ ነው የምንጀምረው?

ከዜሮ አንጀምርም። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 የሚሸፍን ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን የመከላከልና የመቆጣጠር የድርጊት ዕቅድ ነበር። በኋላም ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. የሚዘልቅ ስትራቴጂክ ዕቅድ ወጣ። ስኳር ብቻውን አልታቀደም፤ ከልብና ከካንሰር፣ ከሳንባ ሕመምም ጋር ነው። እኔ ይህን እደግፈዋለሁ። ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ግፊትም አለበት፤ የምታየውም ያችው ነርስ ናት።

ግቡን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም እስከ 2030 ሊደርስባቸው በሚገቡ አምስት ግቦች ተስማምተዋል። ስኳር ካለባቸው ሰዎች 80 በመቶው ሕመማቸው እንዲታወቅ። ከታወቁት 80 በመቶው ስኳራቸው፣ 80 በመቶው ደግሞ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር እንዲሆን። 40 ዓመት ከሞላቸው ውስጥ 60 በመቶው ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት እንዲያገኙ። ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸው (ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉት) ደግሞ ሁሉም፣ መቶ በመቶ፣ አቅማቸው የሚፈቅደው ኢንሱሊንና ራሳቸውን የሚለኩበት መሣሪያ እንዲኖራቸው። ልብ በሉ፣ ስንት ሰው አሠለጠናችሁ፣ ስንት ፖስተር ለጠፋችሁ የሚል የለበትም። የታካሚው ስኳር ወረደ ወይ ነው የሚለው። እኔ የማውቀው ሪፖርት ግን ለረጅም ጊዜ "ስንት ሰው አየን" ላይ ቆሞ ነበር።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት የስኳር ታማሚ አለ? አንዱ አንድ ቁጥር ይላል፣ ሌላው ሌላ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ስቴፕስ የሚባለው የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ውስጥ 5.9 በመቶው የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ ስኳር ሕመም ያለባቸውን ጨምሮ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ደግሞ በ2021 ከ20 እስከ 79 ዓመት ባሉት ላይ ወደ 1.9 ሚሊዮን ገምቷል። አታምታቷቸው። አንዱ ሰዎችን ለክቶ የተገኘ ነው፣ ሌላው የስሌት ግምት ነው። እኔን የሚጠቅመኝ ግን ሦስተኛ ቁጥር ነው፦ በየጤና ጣቢያው በስም የተመዘገበ ስንት ሰው አለ? ባለፉት ሦስት ወራትስ ስንቱ መጣ? ይህን ሳይዙ መድኃኒት ማዘዝ በጭፍን መገመት ነው።

ጥያቄ፦ የእናቴ ኢንሱሊን በዓመት ሦስት አራቴ ከመንግሥት ፋርማሲ ይጠፋል። የኤችአይቪ መድኃኒት ግን እንዲህ ሲጠፋ አላየሁም። ለምን?

ይህን ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒት የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የፕሮግራም መድኃኒት ይባላል፤ የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የወባ። በአብዛኛው በውጭ ዕርዳታ ተገዝቶ በነፃ ይመጣል። ሌላው ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። ጤና ጣቢያው በራሱ ገንዘብ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይገዛል፣ ይሸጣል፣ በሽያጩ መልሶ ይገዛል። ኢንሱሊንም፣ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒንም በአብዛኛው የሚመጡት በዚህኛው ነው። የጤና ጣቢያው ካዝና ሲሳሳ፣ የመድን ክፍያ ሲዘገይ፣ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚመታው እንግዲህ የስኳር ታካሚው ነው።

ሁለተኛው ችግር ስሌቱ ነው። ብዙ ቦታ የዘንድሮ ትእዛዝ የሚሠራው አምና ከወጣው መድኃኒት ተነሥቶ ነው። አብራችሁኝ ቁጠሩ። አንድ ሰው በቀን 40 ዩኒት ይወጋል እንበል። አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ 1,000 ዩኒት ይይዛል። 25 ቀን ያደርሰዋል። በዓመት 15 ብልቃጥ መሆኑ ነው። እንዲህ ያሉ 60 ታካሚዎች ያሉት ጤና ጣቢያ 900 ብልቃጥ ያስፈልገዋል። አሁን ደግሞ አምና ለአምስት ወር ኢንሱሊን ጠፍቶ ነበር እንበል። የወጣው 500 ያህል ብቻ ነው። ፋርማሲው መዝገቡን አይቶ 500 ያዛል፤ ቸር ከሆነ 550። ዘንድሮም ይጠፋል። የአምናው እጥረት የዘንድሮውን ይወልዳል ማለት ነው። ታካሚውም ተስፋ ቆርጦ ወይ ግል ፋርማሲ ይሄዳል፣ ወይ እቤቱ ይቀራል፤ ከዚያ "ፈላጊ የለውም" ይባላል።

ኤችአይቪ ላይ ትእዛዙ የሚሠራው ከሰው ቁጥር ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ነገሩ መድኃኒት ብቻ አልነበረም። መዝገቡ ነበረ፣ የቀጠሮ ክትትሉ ነበረ፣ የቀረውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ሰው ነበረ። ለስኳር ያንን የሚያክል የዕርዳታ ገንዘብ አልመጣም። ዘዴውን ግን የእኛው ነርሶች ናቸው የሚሠሩበት፤ ያው ሕንፃ፣ ያው ኮሪደር። የዕድሜ ልክ ሕክምና እንዴት እንደሚያዝ እናውቃለን። የምናውቀውን ከአንዱ ክፍል ወደ ጎረቤቱ ክፍል ማሻገር አቅቶን ሰው እግሩን ሲቆረጥ፣ ዓይኑን ሲያጣ ማየት ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጋር የስኳር መለኪያ ማሽን ሰብስበን መላክ እንፈልጋለን። ይጠቅማል?

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ከመሰብሰባችሁ በፊት ስሙኝ። የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሠራም። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ መሳቢያ ከፍቼ አምስት ዓይነት ማሽን አግኝቻለሁ። ሁሉም በደግ ሰው የተሰጡ ናቸው። የአራቱ ስትሪፕ የለም፤ የአምስተኛው ደግሞ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ወጪው ያለው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ስትሪፑ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያውን "እናንተ ጋ ስትሪፑ የሚገኘው የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ስትሪፕ ቶሎ ጊዜው ስለሚያልፍ በአንዴ ብዙ ከመላክ፣ በየስድስት ወሩ እዚሁ እንዲገዛ ገንዘብ ብትመድቡ ይሻላል። አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። የእንግሊዝና የብዙ አገር ማሽን የሚቆጥረው በሚሊሞል ነው፤ እኛ በሚሊግራም ነው የምናነበው። እዚያ 7 የሚለው እዚህ 126 ነው። 18 ያነበበ ሰው "ስኳሬ ወርዷል" ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ በእኛ ቁጥር ግን 324 ነው። ስኳር ሊልስ ነው ማለት ነው! አገር አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ማሽን መርጣ ስትሪፑን በጅምላ ብትገዛ ይህ ሁሉ ይቀራል። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ብቻውን ይህን ማድረግ አይችልም።

ጥያቄ፦ አባቴ ገጠር ናቸው፣ መብራት የለም። ኢንሱሊናቸውን የት ያስቀምጡት?

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። የተከፈተው ከሙቀትና ከፀሐይ ከተጠበቀ አራት ሳምንት ያህል ያገለግላል። ለዚህ የሸክላ ማሰሮ ጥሩ ነው። ትልቁ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ጨምሩና በውሃ አርጥቡት። መሀሉ ላይ ትንሹን ማሰሮ ቅበሩ። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላችሁ እዚያ ውስጥ አስቀምጡ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። አሸዋው እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጭ። የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናቶቻችን ያውቁታል፤ ያው ነው። የፍሪጅን ያህል ግን አይቀዘቅዝም። ስለዚህ አባትሽ የወሩን ብቻ ይውሰዱ፣ የቀረው ጤና ጣቢያ ይቆይላቸው። ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ ደግሞ ቢቀልጥም አይወጋም፤ ይጣል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፣ ገበሬ፣ ከሲታ። ስኳር አለበት ተባለ። ይሄ የሀብታምና የወፍራም በሽታ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ይህ አባባል ሰው ገድሏል። ዓይነት አንድ ስኳር ልጅም ወጣትም ይይዛል፤ ኢንሱሊን ካላገኙ አይኖሩም። ከዚህ ሌላ ጎንደር ያሉ ሐኪሞች ቀጫጭን የገጠር ታካሚዎችን ለአሥርት ዓመታት ሲያክሙ፣ ስለነሱም ሲጽፉ ኖረዋል። የምግብ እጥረት ያደቀቀው ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨት ይሳነዋል የሚለው ሐሳብ ብዙ ሲያከራክር ቆይቶ፣ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ላይ "ዓይነት አምስት" ብሎ እውቅና ሰጠው። የወንድምህ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ይለየው።

ለስትራቴጂው ግን ትርጉሙ ትልቅ ነው። ትምህርቱ ሁሉ "ክብደት ቀንሱ፣ ስፖርት ሥሩ" ከሆነ ወንድምህ እዚያ ውስጥ የለም። እሱ የሚያስፈልገው በቂ ምግብ፣ ኢንሱሊንና ቅርብ የሆነ ክትትል ነው። ጎንደርና ጅማ ላይ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎቹ ክትትሉን በሠለጠኑ ነርሶች አማካይነት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደው አሳይተዋል። የሠራ ነገር አለ ማለት ነው፤ መስፋት ነው የሚቀረው።

ሌላ ደግሞ፦ ወጣት ሰው ክብደቱ በድንገት ከቀነሰ፣ ውሃ ከጠማው፣ ሽንት ካበዛ፣ ካስመለሰው ወባ ወይም ጨጓራ ነው ተብሎ ብቻ አይመለስ። አንድ ስትሪፕ ነው የሚፈጀው። እንዲህ ያለ ምልክት ኖሮት ስኳሩ 200 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ስኳር ነው፣ በዚያው ቀን ሕክምና ይጀመር።

ጥያቄ፦ እናታችን ፀበል ገብታ መድኃኒቷን አቆመች። ጾምም አትፈታም። የጤና ሰዎች ከካህናት ጋር ለምን አትነጋገሩም?

መነጋገር አለብን፤ ሲደረግም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ያ ቃል እኛ መቶ ጊዜ ብንናገር የማንደርስበት ቦታ ደርሷል። ለስኳርም የንስሐ አባቷን ይዘሽ ሂጂ። "ፀበሉን ትቅመስ፣ መድኃኒቱንም ትውሰድ" ካሏት ትሰማለች።

ጾሙን ደግሞ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ለምትከታተላት ነርስ ንገሯት። ኢንሱሊን ወይም ግላይቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩ አደገኛ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። ላብ ካጠመቃት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ንግግሯ ከተምታታ ሰዓት አይጠበቅም፤ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧት። ራሷን ከሳተች ግን ምንም በአፏ አታድርጉ፣ ወደ ሕክምና ሩጡ። የረመዳን ጾምም እንዲሁ ነው። ዐቢይ ጾምም ረመዳንም መቼ እንደሚገቡ ቀድሞ ይታወቃል። ቀጠሮውን ከዚያ በፊት ማድረግ ምንም ወጪ የለውም፤ በዞናችን ይህን ጀምረናል።

ጥያቄ፦ ከነታንያ፣ እስራኤል። እኛ ጋ ሽማግሌዎቹ አገር ቤት ሳሉ ስኳር አያውቁም ነበር፤ እዚህ መጥተው ያዛቸው። ከዚህ ምን ይማራሉ?

ብዙ። ከዘመቻ ሙሴና ከዘመቻ ሰለሞን በኋላ በቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ውስጥ ስኳር በፍጥነት መጨመሩ የታወቀ ነው። ምግቡ ተለወጠ፣ የእግር መንገዱ ቀረ። እናንተ ጋ ያሉት አራቱ የጤና መድን ድርጅቶች የሁሉንም ታካሚ መረጃ በአንድ ዓይነት መለኪያ ይይዛሉ፤ የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ ለስንቱ እንደተሠራ ይታወቃል። ያን እመኛለሁ።

ይበልጥ የምመኘው ግን "ጤና ብሪኡት" የሚባለው እናንተ ጋ ያለ ድርጅት የሠራውን ነው። ስሙ ራሱ የእኛን "ጤና" ከዕብራይስጡ "ብሪኡት" ጋር ያጣመረ ነው። አማርኛ የሚናገሩ የማኅበረሰቡን ሰዎች አሠልጥኖ፣ ስለ ኢንሱሊን በሽማግሌዎቹ ቋንቋ፣ ስለ እንጀራው መጠን በእንጀራው ፊት እንዲያስረዱ አደረገ። እኛም አገር ውስጥ ሆነን ለአፋርኛ፣ ለሶማሊኛ፣ ለሲዳምኛ ተናጋሪ በአማርኛ የታተመ ወረቀት የምንሰጥ ከሆነ ከዚህ የምንማረው አለ።

ጥያቄ፦ የጤና መድን ካርድ አለኝ። ግን "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ" እባላለሁ። ታዲያ መድኑ ምን ጠቀመኝ?

ልክ ነህ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራ ተጀምሮ ነው እዚህ የደረሰው። ለስኳር ታካሚ ትልቅ ነገር ነው፤ በየወሩ ከኪሱ መክፈል የሚችል ጥቂት ነው። ካርዱ ግን መደርደሪያው ላይ የሌለውን አያመጣም። ከውጭ ስትገዛ ማዘዣውንና ደረሰኙን ያዝና የወረዳህን መድን ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። ባይመልሱልህ እንኳ ምን ያህል ጊዜ እንደጠፋ በጽሑፍ ይኖራል።

ጥያቄ፦ ለስላሳ መጠጥ ላይ ቀረጥ መጣል ይረዳል?

ይረዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለስላሳ መጠጥን ይጨምራል። ችግሩ ቀረጡ የገንዘብ ሚኒስቴር፣ ሕመሙ የጤና ሚኒስቴር መሆኑ ነው። እኔ ብሆን ከዚያ ገቢ ጥቂቱ ለስትሪፕና ለኢንሱሊን እንዲውል በሕግ አስጽፍ ነበር።

ጥያቄ፦ የገጠር ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነኝ። ከላይ በጀት አልመጣም። ሰኞ ከምን ልጀምር?

ከአንድ ደብተር ጀምር። ካርድ ክፍል ገብታችሁ ባለፈው ዓመት ስኳር የተባለውን ሰው ሁሉ በስም፣ በቀበሌ፣ በስልክ አውጡ። ስልክ የሌለውን የጎረቤቱን ያዙ። ሁለት ቀን ይበቃችኋል። ከዚያ በሦስት ወር ውስጥ ያልመጣውን በቀይ አስምሩበት። የቀዮቹን ዝርዝር በየቀበሌው ከፋፍለህ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ስጣቸው፤ ለክትባትም ለወሊድም በየቤቱ ስለሚሄዱ በራቸውን ያውቁታል። ሥራ እንደበዛባቸው አውቃለሁ፤ ስለዚህ በሳምንት ከሦስት ስም በላይ አትስጣቸው።

የስኳር ቀን ብለህ በሳምንት አንድ ቀን መድብ፣ የገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል። በዚያ ቀን ፋርማሲውም ላብራቶሪውም ቀድሞ ይዘጋጅ። ለእያንዳንዱ ሰው ግፊቱ ይለካ፣ ጫማው ይውለቅና በጣቶቹ መሀል ሳይቀር እግሩ ይታይ። ይህ እጅና ዓይን ብቻ ነው የሚፈልገው። ካገኘኸው ሰው ውስጥ ኢንሱሊን የሚወጋውን ቁጥር (በቀን 40 ዩኒት ያህል ከሆነ) በ15 ብልቃጥ አባዛና ለወረዳው በደብዳቤ አስገባ፤ የወጣውን ሳይሆን የሚያስፈልገውን። ቀይ ከተሰመረባቸው ስንቱ እንደተመለሱ ከወር በኋላ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።